እሳት ማጥፋትን ለወጣቶች ስለ ማስተማር

ሰው ከአራዊት የሚለይበት ብዙ ነገር ቢኖርም፣ እሳትን ሳይሸሽ አጠገቡ አስቀምጦ ማደሩ አንዱና ዋናው ነው። እሳት ምግቡን ያበስልለታል፤ ብርዱን ያርቅለታል፤ ብረቱን ያቀልጥለታል፤ ቡናውን ይቆላለታል። ነገር ግን ይኸው አገልጋይ አንድ ሌሊት ጌታ ለመሆን የተነሣ እንደ ሆነ፣ ሰው በሃምሳ ዓመት የሠራውን በአንድ ሰዓት አመድ አድርጎት ያድራል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ሕዝቦች እሳት የሚያነዱበትን ብቻ ሳይሆን የሚያጠፉበትንም ሥርዓት አውጥተዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ስለ ማጥፊያው መሣሪያ አይደለም። ዕድሜው ገና ያልበሰለ ወጣት እሳት ማጥፋትን ሊማር ይገባዋልን? ይገባዋል ከተባለስ፣ የሚያስተምረው ሰው ምን ዕዳ ይገባበታል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ነገሩን የምንመለከተው ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አገር ተነሥተን ነው። ይህ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በ2014 ዓ. ም. ክልል ሆኖ የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አገር የዝናብ አገር ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሰማዩ እምብዛም አይጠራም፤ ምድሩም በደን፣ በቡናና በእንሰት የተሸፈነ ነው። የከፋ ደን በ2002፣ የሸካም ደን በ2004 ዓ. ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው የተመዘገቡት ስለዚሁ ልምላሜያቸው ነው። ታዲያ እንዲህ በረጠበ አገር እሳት ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። መልሱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወሮች ይገኛል። በነዚህ ወሮች ዝናቡ ይቀንሳል፤ ከጥላው ዛፍ ሥር የረገፈው ቅጠል ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽ ይሆናል፤ የተለቀመው ቡናም በየደጁ በአልጋና በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። የደረቀው ጀንፈል በጆንያ ተሞልቶ በመጋዘን ሲከመር፣ ከመፈልፈያውም የወጣው ገለባ በየጥጉ ሲቆለል፣ አንዲት ፍም ብዙ ሥራ ልትሠራ ትችላለች። የከተማው ቤት ደግሞ ብዙው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ግድግዳው ከጎረቤቱ ግድግዳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ የቆመ፣ ማድ ቤቱም ከጓሮው የተለጠፈ ነው። ደረቁ ወራት የገበሬውና የነጋዴው የዓመት ገቢ በአንድ ጣራ ሥር የሚሰበሰብበት ወራት መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የዚህ አገር ሰው እሳትን ለልጁ ማስተማር የጀመረው ዛሬ አይደለም። በከፋና በሸካ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ይኸውም አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ የራሱን ድርሻ ይዞ ቀፎውን የሚሰቅልበት ነው። አባት ልጁን ወደ ኮቦው ይዞት ሲሄድ የሚያሳየው ዛፍ መውጣትን ብቻ አይደለም። ማር የሚቆረጠው ንቡን በጭስ አደንዝዞ ስለ ሆነ፣ ነበልባል ሳይኖር ጭስ ብቻ እንዲወጣው ማጨሻው እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ከዛፍም ከወረዱ በኋላ ፍሙን ሳያጠፉና አፈር ሳያለብሱ መሄድ ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ አብሮ ያስተምረዋል። ማሳውን ለዘር ለማዘጋጀት ምንጣሮውን የሚያቃጥል ገበሬም እንደዚሁ ነው። የነፋሱን አመል አይቶ፣ የማሳውን ዙሪያ አጽድቶ፣ እሳቱን የሚለኩሰው እርሱ ራሱ ነው፤ ልጁን ግን እርጥብ ቅርንጫፍ አስይዞ በዳር ያቆመዋል። በዳር ያቆመዋል ያልነውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል። በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ለልጅ እሳት የሚሰጠው እንዲሁ በታላቅ ዓይን ሥር ነው፤ የቡሄና የመስቀል ችቦ ከዚህ የተለየ ትምህርት አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን የታወቀ እሳት ነው። ያልታወቀው እሳት በተነሣ ጊዜ ሥርዓቱ ይፈርሳል። በከተማ ኡኡታ ሲሰማ ማን ቀድሞ እንደሚሮጥ ደጋግመን አይተናል። ሹሙ ልብሱን እስኪለብስ፣ ባለ ሱቁም ቁልፉን እስኪፈልግ፣ ከሁሉ በፊት ደርሶ ከጣራው ላይ የሚገኘው የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ነው። አንዱ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤ አንዱ በጀሪካን ውሃ ያቀብላል፤ አንዱ ሸሚዙን አውልቆ አፍና አፍንጫውን ያስርና ወደ ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪኩ መስመር መቆረጡን የሚጠይቅ የለም። ያዘዛቸው የለም፤ ያስተማራቸው የለም፤ ስንት ሆነው እንደ ገቡና ስንት ሆነው እንደ ወጡ የቆጠራቸውም የለም። እሳቱ ሲጠፋ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ በበነጋው ሰዎች የሚጠያየቁት ስንት ጆንያ እንደ ተረፈ ነው።

በ1992 ዓ. ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በባሌና በቦረና የተነሣው የደን እሳት ይህንኑ ነገር በአገር መጠን አሳይቶናል። ከ100,000 ሄክታር የሚበልጥ ደንና ቁጥቋጦ በተቃጠለበት በዚያ ጊዜ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው አብረው ዘመቱ። ተማሪዎቹ ከትምህርት ገበታቸው ተነሥተው በመኪና እየተጫኑ ሄዱ፤ መሣሪያቸውም ብዙውን ጊዜ አካፋና ቅጠል ነበር። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ የመጡ ዐዋቂዎች እርዳታ ቢታከልበትም፣ እሳቱን ጨርሶ ያዳፈነው በመጨረሻው የጣለው ዝናብ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ. ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር እስኪደርስ ድረስ ገደሉን እየወጣና እየወረደ የተከላከለው ያው የአገሩ ሰው ነው። እንግዲህ ወጣት ወደ እሳት ይሂድ ወይስ አይሂድ የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። እርሱ ሄዷል። የቀረው፣ ዐውቆ ይሂድ ወይስ ሳያውቅ የሚለው ብቻ ነው።

ይህን ትምህርት የሚቃወሙ ሰዎች የሚናገሩት ግን ከንቱ ነገር አይደለም። እናት፣ ልጄን ተማሪ ቤት የላክሁት ቀለም እንዲቆጥር ነው እንጂ እንዲቃጠልልኝ አይደለም ብትል ማን ይፈርድባታል? ሌሎችም፣ ወንዝ የሚወስደው ዋና የሚያውቀውን ነው፤ ጥቂት የተማረ ልጅ ምንም ካልተማረው ይልቅ ይደፍራል ይላሉ። ሕጉም ከነርሱ ጋር የቆመ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ወጣት ሕይወቱንና ጤናውን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። ሕግ ለደመወዝ የከለከለውን ነገር ያለ ደመወዝና በውዴታ ነው በማለት ብቻ የተፈቀደ ማድረግ ተንኮል ነው። ደግሞ እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል እያሉ ነገሩን የሚያቀሉ አሉ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ እንሰማለን፤ ሦስቱ ወጣቶች ከእቶኑ መካከል ሳይነካቸው ወጥተዋል። ነገር ግን ወደ እሳቱ የጣሏቸው ሰዎች በወላፈኑ መሞታቸውም በዚያው ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ልጅን ወደ እሳት የሚልክ ሰው የመልአኩን ነገር ከማሰቡ በፊት ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ለተቃውሞው መልስ የሚሆነው ቀደም ብለን ያነሣነው ገበሬ ነው። እርሱ ልጁን በዳር ያቆመዋል እንጂ ከነበልባሉ መካከል አያስገባውም፤ ቤቱም አያስቀረውም። በጀርመን አገር የወጣቶች የእሳት አደጋ ማኅበር ከ1882 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በፌር ደሴት ተጀምሮ፣ በ1964 አገር አቀፍ ድርጅት ለመሆን በቅቷል፤ አባሎቹ ከ200,000 ይበልጣሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ10 እስከ 18 ዓመት ገደማ ነው። ቱቦ መዘርጋት፣ መሰላል ማቆም፣ የቆሰለ ሰው መርዳት ይማራሉ። ወደሚነድ ቤት ግን አይላኩም፤ እዚያ የሚገባው ለአካለ መጠን ደርሶ ከታላላቆቹ ማኅበር የተቀላቀለው ነው። የጀርመኑ ደንብና የቤንች ገበሬ ልማድ ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር መገናኘታቸው ያስደንቃል። ታላቁ በልጁና በእሳቱ መካከል ይቆማል፤ ትምህርትነቱም ይኸው ነው።

ሆኖም በመካከል መቆም ብቻ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ይህን ለማስረዳት በአሜሪካ አገር የሆነውን አንድ ነገር በሰፊው ብንተርክ አንባቢ አይሰለቸን። በኦገስት 5 ቀን 1949 ሞንታና በሚባለው ግዛት «ማን ጋልች» ከተባለው ሸለቆ የደን እሳት ተነሣ። ከአውሮፕላን በጃንጥላ እየወረዱ እሳት የሚያጠፉ 15 ሰዎች ተላኩ፤ አንድ የደን ጠባቂም ከምድር ተቀላቀላቸው። ብዙዎቹ ከተማሪ ቤት የእረፍት ጊዜ ለሥራ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ አንደኛው 17 ዓመቱ ነበር። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ የተባለ የ33 ዓመት ሰው ነው። ወደ ወንዙ ሲወርዱ እሳቱ ሸለቆውን ተሻግሮ ከበታቻቸው ብቅ አለ። ዳገቱ ቁመቱ የረዘመ ደረቅ ሣር የለበሰ ስለ ነበረ፣ ወደ ላይ ቢሮጡም እሳቱ ከሰው እግር ይልቅ ፈጠነ።

በዚህ ጊዜ ዶጅ ከቶ ያልታሰበ ነገር አደረገ። ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ አነደደው። ሣሩ በቅጽበት ነዶ ጥቁር መሬት ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ወደ አመዱ ግቡ እያለ ጠራቸው። የተቃጠለ ነገር ዳግመኛ አይቃጠልም ማለቱ ነበር። አንድም ሰው አልገባለትም። ሁሉም አልፈውት ወደ ዳገቱ ሮጡ። እርሱ ፊቱን ወደ አመዱ ደፍቶ ተኛ፤ እሳቱ በላዩ አልፎ ሄደ፤ ጤነኛ ሆኖም ተነሣ። ከቀሩት መካከል ሁለቱ በድንጋይ ስንጥቅ አልፈው ከጫፉ ደርሰው ዳኑ። 13ቱ ሞቱ።

እንግዲህ በዶጅ ላይ ምን እንፍረድ? ዕውቀት አልጎደለውም፤ ድፍረትም አልጎደለውም፤ ሊያድናቸው መፈለጉም አያጠራጥርም። ወጣቶቹም ፈሪዎች አልነበሩም። ነገር ግን ያን ዘዴ ከዚያ ቀን በፊት ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ እሳት ከኋላው እየመጣበት ከፊቱ ሌላ እሳት የሚያነድ ሰው ሲያዩ አእምሮውን የሳተ መሰላቸው። ብዙዎቹም ከዶጅ ጋር ረዥም ጊዜ አብረው አልሠሩም ነበር። ሰው የማያውቀውን ሰው፣ የማያውቀውን ነገር ሲያዝዘው፣ ለመመርመሪያ የቀረው ጊዜ ሠላሳ ሴኮንድ ሲሆን፣ እግሩ የሚታዘዘው ለገዛ ፍርሃቱ ነው። ትክክለኛው ቃል በትክክለኛው ሰው አፍ ተነግሮ ሳይሰማ ቀረ። ለእሳት አስተማሪ ከዚህ የሚበልጥ መከራ አይገኝም ብለን እናምናለን። ከዚያም በኋላ የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት ሥልጠናውን እንደገና መርምሮ አሻሻለው፤ ለ13ቱ ግን ዘግይቷል።

በአገራችን ታላቅ አባት ደካማ ልጅ ሲወልድ «እሳት አመድ ወለደ» ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው ልጁን ነው። እኛ ግን አባትየው ሙቀቱን ለልጁ ሳያካፍል ነዶ ያለቀ እንደ ሆነ ጥፋቱ የአመዱ ነውን? ብለን እንጠይቃለን። የሙያ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም በአደጋ ሥራ የኖረ፣ ዕውቀቱን በአጥንቱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ በጭስ መካከል ጎንበስ ማለትን፣ በርን ከመክፈት በፊት በእጅ ጀርባ መዳሰስን፣ የጣራው ድምፅ ሲለወጥ መውጣትን ያለ ሐሳብ ያደርገዋል። ያለ ሐሳብ የሚያደርገውን ነገር አውጥቶ ለሌላ ሰው መናገር ደግሞ ከሥራው ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙዎች ጀብዱ ይተርካሉ። ወጣት ጀብዱ ሲሰማ ዓይኑ ይፈካል፤ ተራኪውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን የገባበትን ቤት ብቻ የሚተርክ ሰው ግማሹን አስተማሪ ነው። ሳይገባ የቀረበትን ቤት፣ በደጅ ቆሞ እንዲነድ የተወውን፣ ያን ሌሊት ያደረበትንም ሐሳብ መተረክ የቻለ እርሱ ሊሰማ ይገባዋል።

ከዚህ ወደ አስቸጋሪው ነገር እንደርሳለን። ለቡና አገር ይህ ሥልጠና የሚያመጣው መከራ በእሳቱ ዘንድ ሳይሆን በሰዎች ዘንድ ነው። አንድ መጋዘን ሲነድ እናስብ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ በሠፈሩ የተከበሩ፣ በዕድሩ ዳኛ፣ የብዙ ልጆች የክርስትና አባት። ራሳቸውን እየነጩ «ልጆቼ፣ ቡናዬን! ዓመት የደከምኩበትን አውጡልኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከፊታቸው የቆመው ወጣት ትናንት በሥልጠናው የተማረው፣ ሰው በውስጡ ከሌለ ለዕቃ ብሎ መግባት እንደማይገባ ነው። ምን ይበል? ባስተዳደጉ ለታላቅ እምቢ ማለትን አልለመደም። ሽማግሌው ሲያለቅሱ ማየትም ከእሳቱ ይልቅ ያቃጥላል። ያልተማረው ልጅ ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ይገባል። የተማረው ግን ሁለት እሳት ይጠብቀዋል፤ ከውስጥ የቡናው፣ ከውጭ የሐሜቱ። ስልጡኑ ልጅ ቆሞ አየ፣ መሃይሙ ገብቶ አወጣ መባሉ የማይቀር ነው።

ታላቅን ማክበር ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ማንም ቢንቀው አንወድም። ነገር ግን ታላቅ ሰው በሐዘን አእምሮው በተነካ ሰዓት የሚያዝዘውን መፈጸም አክብሮት ነው ለማለት አንደፍርም። ነገ ሐዘኑ ሲበርድ እኒያው ሽማግሌ በጆንያ ምክንያት የጎረቤታቸውን ልጅ አስገድለው ቢገኙ፣ የቀረ ዕድሜያቸውን እንዴት አድርገው ይኖሩታል? ስለዚህ እምቢ ያለው ልጅ ሽማግሌውንም አድኗቸዋል። ይህን እምቢታ ግን በ16 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻውን መጫን ግፍ ነው። ሊሸከመው የሚገባው ያስተማረው ሰው ነው። ልጁ፣ አለቃዬ ከልክሎኛል ብሎ ማመካኘት የሚችልበት ሰው ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው በሥፍራው ቆሞ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ የከለከልሁት፤ እኔን ይቀየሙ ሊል ይገባዋል። የአስተማሪው ዕዳ ምንድን ነው ብለን በመጀመሪያ የጠየቅነው እዚህ ላይ ይገለጣል ብለን እናስባለን። ከእሳቱ ፊት መቆም የታወቀ ነው፤ ከተከበሩ ሰዎች ፊትም በልጁ ፋንታ ቆሞ መወቀስ አለበት። ይህን ለመቀበል ያልፈቀደ ሰው፣ ቱቦ አያያዝን ምንም ያህል ቢያውቅ፣ ወጣቶች ባይሰጡት ይሻላል።

ዕቃና ሰውን ማመዛዘን አሮጌ ነገር ነው። በጥንት ሮማ ክራሱስ የተባለው ባለጠጋ ቤት ሲቃጠል፣ የሚነደውንና የጎረቤቱን ቤት ባለቤቶቹ በፍርሃት በርካሽ ዋጋ እንዲሸጡለት ያደርግ እንደ ነበር ፕሉታርክ ጽፎታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው አልተነሣም፤ አይነሣምም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ነገር ግን ሳንከፍላቸው፣ ሳናስተምራቸው፣ ቢቆስሉም ማን እንደሚያሳክማቸው ሳንወስን የድኻ ልጆች ንብረታችንን እንዲያወጡልን የምንጠብቅ ከሆነ፣ ከክራሱስ የምንለየው ዋጋውን አስቀድመን ባለመነጋገራችን ብቻ ይሆናል። በለቀማ ጊዜ ከሩቅ አገር የሚመጡት የቀን ሠራተኞችም ከቡናው አጠገብ እንደሚያድሩ አይዘነጋም፤ መጋዘን ሲነድ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው በውስጡ የተኛ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ. ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ ከመላው ኢትዮጵያ የሚበልጥ የእሳት ማጥፊያ ኃይል ባለበት ከተማ እንኳ መንገዱ በመጣበቡና ሰው በመጨናነቁ ሥራው ምን ያህል እንደ ከበደ በሰፊው ተነግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሠለጠነ ወጣት የሚጠቅመው ወደ ነበልባሉ በመግባት አይደለም። ሕዝቡን ገለል ማድረግ፣ ለመኪናው መንገድ መክፈት፣ አሮጊቶችንና ሕፃናትን ከጎረቤት ቤት ማውጣት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥራት፣ የገባና የወጣ መቁጠር፣ ይህ ሁሉ የዳር ሥራ ነው። ዘፈን አይዘፈንለትም። ፉከራና ሽለላ ባደገበት አገር ለወጣት የዳርን ሥራ ማስወደድ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ እንዲያውም የእሳት አደጋ ሠራተኛው ከሁሉ የሚደክምበት ትምህርት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ልጆች ግን የሚወዱትን ሰው ሥራ ይወዳሉ። ያ ሰው ቱቦውን አጥቦና ጠቅልሎ ሲያስቀምጥ በደስታ የሚሠራ ከሆነ፣ እነርሱም እንደዚሁ ይሆናሉ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ጨምረን እናቁም። በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ይህን ሥልጠና የሚያስብ ሁሉ፣ እሳት በሚፈራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሊጀምረው ይቃጣዋል። በነዚያ ወሮች ወጣቱ በለቀማ ላይ ነው፤ የተማሪው ቀን ጠዋት በክፍል፣ ከሰዓት በኋላ በቡና ሥር ያልቃል፤ አስተማሪውም የሚያስተምረው በችኮላ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ይሻላሉ። ተማሪ ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የሚነድ ነገር የለም። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሃያ ልጆችን በባዶ መማሪያ ክፍል ሰብስቦ፣ ዓይናቸውን በሻሽ አስሮ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ በሩን እስኪያገኙ ድረስ በጉልበታቸው ቢያስኬዳቸው፣ ሲወጡም በስም በስማቸው ቢጠራቸው፣ ያልመለሰውን እስኪያገኝ ሌላውን ባያሰናብት፣ በሁለት ወር ውስጥ ድምፁን ለይተው ያውቁታል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይገፋፋሉ፤ አንዱ ወንበር ያደናቅፈዋል። እርሱ አይቸኩልም። ከውጭ ዝናቡ ይዘንባል፤ እስከ ኅዳርም ገና ብዙ ሳምንት አለው።